ሥራ ፈት ተብሎ ስለተነሳው ሁለተኛ ኮምፒዩተር

ለተከበሩ የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ መብራት ለአንድ ቀን እንኳ ሳይቆራረጥ እንዲዘልቅ እመኛለሁ። የላቦራቶሪያችን መብራት በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚጠፋ ምኞቴን በእሱ አልለካሁትም።

እኔ የትንሿን ሳተላይት የመቆጣጠሪያ ኤሌክትሮኒክስ የነደፍኩት ሠራተኛ ነኝ። በጀታችን የጠፈር ጨረር የሚቋቋም ኮምፒዩተር ስለማይገዛ፣ ለመኪና የሚሠሩትን ተራ ዕቃዎች ገዝተን ሁለት ኮምፒዩተሮች ገጣጠምን፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያዳምጣል፣ ሠሪው ዝም ካለ አዳማጩ ይረከባል። የቁጠባ ዘዴያችን በሙሉ ይኸው ነበር። እርስዎ ደግሞ በቁጠባው ላይ ቁጠባ ስለጨመሩልን፣ የሚከተለውን ምስጋና በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩. የንብረት ኮሚቴውን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ሦስቱ አባላት የአንደኛው ኮምፒዩተር መብራት ብልጭ ድርግም ሲል፣ የሁለተኛው ግን ፍንክች እንደማይል አይተው፣ ይኸኛው ምን እንደሚሠራ ኮምፒዩተሮቹን በይዳ የምትፈትሸውን ሠራተኛችንን፣ እትዬ የምንላትን፣ ጠየቋት። «ይጠብቃል» አለች። ምን እንደሚጠብቅ ሲጠይቋት «ያኛው እስኪሞት ነዋ!» አለች። ካልሞተስ ቢሏት «እሰየው!» አለቻቸው። ሊቀ መንበሩም በመዝገባቸው ላይ «ለስድስት ወር ሥራ ፈት» ብለው ጽፈው ኮምፒዩተሩን ይዘውት ሄዱ።

፪. ቦታው ባዶ ቢቀር ሳተላይቷ ሚዛኗን ስለምትስት፣ በኮምፒዩተሩ ምትክ እኩል የሚመዝን ብረት እንድናስገባ ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። ብረቱም ቢሆን ሥራ የለውም፤ ኮሚቴው ግን ከብረት ሥራ ስለማይጠብቅ በሰላም ወደ ጠፈር ይጓዛል። ኮምፒዩተሩ በእንግዳ መቀበያው የመስታወት ሳጥን ውስጥ «የሠራተኞቻችን የፈጠራ ውጤት» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተቀምጧል። ቢያንስ እዚያ ጨረር አያገኘውም።

፫. ከሁሉ በላይ ለእትዬ ስለጻፉላት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አመሰግናለሁ። የሳተላይቷ ክዳን ሐሙስ ይታሸጋል፤ ከዚያ በፊት «ሁለቱም ኮምፒዩተሮች ተፈትሸው በቦታቸው ናቸው» በሚለው ቅጽ ላይ ካልፈረመች ከሥራ እንደምትሰናበት ተነግሯታል። እሷ ግን በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቷ ብረት ፈትሻ እንደማታውቅ ገልጻ እምቢ ብላለች። ግትር ያደረጋት ባለፈው ሳምንት የሆነው ነገር ሳይሆን አይቀርም። ለሙቀት ፈተና ከጎረቤት ዳቦ ቤት በተዋስነው ምድጃ ውስጥ፣ አሁን ብቻውን የቀረው ኮምፒዩተር በድንገት ድርቅ ብሎ ቀረ። እትዬ ምድጃውን ከፍታ ማስነሻውን በእርሳስ ጫፍ ነካ አድርጋ አስነሳችው። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እርሳሷ ይደርስ እንደሆነ አላውቅም።

ትናንት ቅጹ የእሷ ስም ተሰርዞ የእኔ ስም ተጽፎበት ደረሰኝ። ስለተጣለብኝ እምነት እያመሰገንኩ ሳልፈርም መልሻለሁ። ኮምፒዩተሩ እስከ ረቡዕ ወደ ቦታው ከተመለሰ፣ ፈትሸነው ሁለታችንም በደስታ እንፈርማለን። ካልተመለሰ ሁለት የስንብት ደብዳቤ ማዘጋጀት ያስፈልግዎታል፤ ወረቀት ለመቆጠብ ሁለታችንንም በአንዱ ላይ መጻፍ ይቻላል።

ባለፉት ስድስት ወራት ሥራ ላይ እንደነበርኩ በፊርማዬ እያረጋገጥኩ፣ ለአርቆ አስተዋይነትዎ ካለኝ ወሰን የለሽ አድናቆት ጋር፣
አክባሪዎ፣
የሳተላይቷ ኤሌክትሮኒክስ ነዳፊ

ማስታወሻ፦ የመስታወቱን ሳጥን ልናስከፍት ሄደን ነበር፤ የእንግዳ መቀበያው ጥበቃ ግን ቁልፉ ባለፈው ሰኞ እንደጠፋበት ነገረን። እንዳንጨነቅም፣ እርስዎ ለክፉ ቀን ብለው ሌላ አስቀርጸው በመሳቢያዎ እንዳስቀመጡ፣ እስከ ዛሬም ከመሳቢያው ወጥቶ እንደማያውቅ አጫወተን። ኮሚቴው ሳያየው እባክዎ ቶሎ ይላኩልን።