ጎረቤቶቹ ወንበር ይዘው ሲመጡ

ሃርልስደን፣ ለንደን
ታኅሣሥ 5 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሽልኛል? ባለቤትሽስ፣ ብፅዓትዬስ፣ የግቢው ሰው ሁሉ እንደምን ከርሟል? እኔ ብርዱ ጉልበቴን ከሚነዘንዘኝ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬ እንዴት ናት ብዬ አለመጠየቄን እንዳስተዋልሽ አውቃለሁ። ረስቼ አይደለም። አደራሽን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ እንደ ልማድሽ ከታች እንዳትጀምሪ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትያለሽ። እኔና አንቺ በስልክ እውነት መነጋገር ከተውን ሰነበትን፤ ለዚህ ነው። ፍቅርተማርያም፣ ያቺ አብራኝ ቤተ ክርስቲያን የምታገለግለው፣ ዛሬ ማታ ተሳፍራ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ትወርዳለች። ሻንጣዋን እንኳ ቤቷ ሳታደርስ ይህን በእጅሽ እንድትሰጥልኝ አስምያታለሁ።

ያ የምትስቂበት የፊልም ትምህርቴ ትናንት አለቀ። ሰው እንግሊዝ አገር ሄዶ ነርስነት ይማራል፣ የእኔ እህት ሲኒማ ማየት ትማራለች ብለሽ ለሠፈሩ ሁሉ አውርተሽብኛል። እማዬ ግን ተያት፣ ደስ ያላትን ትማር ነው ያለችሽ። ወደዚያ ትምህርት የወሰዱኝ ጋሽ ተስፋጋብር ናቸው። በስልክ ሰላም ብለውሽ ያውቃሉ፤ የአሥመራ ሰው፣ አማርኛቸው ከእኔና ካንቺ የጠራ፣ ሠላሳ ዓመት የለንደን አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ። ልጅነታቸውን የጨረሱት የአሥመራ ሲኒማ ቤት በር ላይ ነው። እኔ ዌምብሊ የልብስ ሱቁ ውስጥ ቆሜ እውልና ሐሙስ ሐሙስ ከሳቸው ጋር በባቡር ብሪክስተን እንሄዳለን። አዳራሹ የሠፈር ማኅበር ነው፣ ማሞቂያው ከተበላሸ ዘመን የለውም፣ አስተማሪያችን ስዊድናዊት ባልቴት ናት፣ የምታሳየንም የአገሯን ፊልም ብቻ ነው።

የስዊድን ፊልም ስልሽ ታዲያ ምን ይሆናሉ ትይኝ ነበር። ምንም አይሆኑም! ቤተሰብ ይቀመጥና ዝም ይባባላል። ከዚያ አንዱ ሕልም ያያል፤ ሕልሙ የቱ፣ እውኑ የቱ እንደሆነ ሳይለይ መብራት ይበራል። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፌን ለጥጬ ነበር የምመለሰው። ቆይቶ ግን ወደድኩት። ዝም የሚባባል ቤተሰብ እኔ የት አውቀዋለሁ ብለሽ ነው?

ትናንት ያየነው እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ከብዙ ዓመት በኋላ በጀልባ ወደ እናቷ ደሴት ትመለሳለች። ጊዜው በዚያ አገር ፀሐይ የማትጠልቅበት ሰሞን ነው። ቤተሰቡ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሣሩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። እናቷ የለችም፤ ሳህኗ ግን አለ። እናቴስ ትላለች፣ አክስቷ ሾርባ ትጨምርላታለች። እናቴስ ትላለች ደግሞ፣ አጎቷ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ማዕበሉ አላስቸገረሽም ወይ ይላታል። በዚህ መሐል ጎረቤቶች ከየአቅጣጫው በሣሩ ላይ እየተራመዱ አንድ በአንድ ይመጣሉ። ሰላም አይሉም። የየራሳቸውን ወንበር ተሸክመው ይመጡና ይቀመጣሉ። ሴትዮዋ ዞር ባለች ቁጥር ጠረጴዛው ረዝሞ ታገኘዋለች፤ በመጨረሻ ጫፉ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። እዚያ ውሃው ውስጥ በገባው ጫፍ ላይ እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ፀጉሯን ታበጥራለች። ልጅቷ እጇን ታውለበልባለች። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ከዚያ ልጅቷ ጭልፋውን ከአክስቷ እጅ ትወስድና ለአክስቷ ሾርባ ትቀዳላታለች። አለቀ።

የመጨረሻው ትምህርት ስለሆነ እያንዳንዳችን ተነሥተን ፊልሙን መፍታት ነበረብን። አንዱ ሸበቶ ጠረጴዛው ጸጸቷ ነው አለ። አንዷ ወጣት ሾርባው የእናት ጡት ነው ስትል ሳቄን በስንት መከራ ዋጥኩት። አስተማሪያችን ደግሞ ጎረቤቶቹ የልጅቷ የራሷ ልዩ ልዩ ፊቶች ናቸው፣ ሁሉም ነገር ሕልም ነው፣ ዝምታውም ቤተሰቡ እንደማይወዳት ያሳያል አለች።

ተራዬ ደረሰና ተነሣሁ። ሕልም አይደለም አልኳቸው። አብዝተው ነው የሚወዷት። ሰው ሳይጠራ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ሰው ቤት የሚመጣው ለምን እንደሆነ እኔ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል። እናትየዋ የለችም፤ ሁሉም ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። ከመንገድ ስለመጣች እህል እስክትቀምስ፣ ሰውም እስኪሟላ እየጠበቁላት ነው። መርዶ ይባላል አልኳቸው። እኛ አንዳንዴ ወር ሁለት ወር እንደብቃለን፣ በስልክ እየሳቅን፣ ሰውዬው ፈተናውን እስኪጨርስ፣ ወረቀቱን እስኪያገኝ። ከዚያ ብቻውን እንዳይወድቅ ተሰብስበን በማለዳ በሩን እናንኳኳለን ብዬ አስረዳሁ። አስተማሪያችን መነጽሯን አውልቃ ይህን ፊልም ሃያ ዓመት አስተምሬ ጎረቤቶቹን አላየኋቸውም አለች። አጨበጨቡልኝ! ደረቴን ነፍቼ ወደ ጋሽ ተስፋጋብር ዞርኩ።

ጋሽ ተስፋጋብር በቆባቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል። ከዚያ ብድግ ብለው ወጡ።

ተከትያቸው ብወጣ ጉንፋን ነው አሉኝ። ባቡር ውስጥ ስለ ፊልሙ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ እሳቸው እኮ ከብሪክስተን እስከ ሃርልስደን ስለ ተዋናይት አፍንጫ ብቻ ሲያወሩ የሚደርሱ ሰው ናቸው። በመሐል እራት በልተሻል ወይ አሉኝ። አልበላሁም ስላቸው ከኮታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አውጥተው እስክጨርስ ድረስ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ጣቢያው ደረጃ ላይ ስንደርስ ቅዳሜ ጠዋት ኦፍ ነሽ አይደል አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። አልለቅ አሉኝ። ያን ጊዜ ነው እህቴ፣ እዚያው ደረጃ ላይ፣ ጠረጴዛው የረዘመብኝ።

ቤት ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ቁጭ አልኩ። እኔ ዕውር ሆኜ እንጂ ነገሩስ ፊት ለፊቴ ነበር። ከደመራ ወዲህ የእማዬን ድምፅ አልሰማሁም። መጀመሪያ ፀበል ሄደች አልሽኝ። ቀጥሎ ጉንፋን ድምጿን ዘጋው። ከዚያ ተኝታለች፣ ከዚያ ማኅበር ሄደች፣ ከዚያ ደግሞ ተኝታለች። እስቲ አሁን ጠዋት በአራት ሰዓት የምትተኛ እናት የማን እናት ናት? በቪዲዮ ስደውል ሻሽ አስረሽ መጣሽ፤ ፎሮፎር ቢያስቸግረኝ ፀጉሬን ተቆረጥኩት አልሽ። አመንኩሽ! ብፅዓትን አያትሽን ጥሪልኝ ስላት ስልኩን ጥላ ሮጠች፤ ኔትወርክ ነው አልሽኝ። ከሁሉ ከሁሉ ግን፣ ትምህርቴ መሣቂያሽ የነበረው ሴትዮ በየሳምንቱ ያ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው ትዪኝ ጀመር። እኔ ሞኟ፣ እህቴ ተለወጠችልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ፣ እታች ለምትኖረው ለሰናይት ወርጄ ነገርኳት። ሰናይት የታጠበ ድስት እንደገና ማጠብ ጀመረች። ምን ትበለኝ?

የሱቁ አለቃዬማ ረቡዕ ዕለት ልብስ ስሰቅል ከኋላዬ መጥታ አቀፈችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሰናይት ቀድማ ፈቃድ ጠይቃልኝ ኖሯል። እንግሊዝ ምስጢር ይጠብቃል የሚሉት ውሸት ነው፤ መርዶ መያዝስ አይችሉበትም።

እኔ ግን እችልበት ነበር። የዌምብሊውን ብዙነህን አስታወስሽው? አባቱ ደሴ ሲያርፉ ሃያ ስምንት ቀን ደብቀነዋል። እንዳይጠረጥር አባትህ እንዴት ናቸው እያልኩ እጠይቀው የነበርኩት እኔ ነኝ። በመሐል የልደት ቀኑ ቢደርስ ኬክ ገዝተን አከበርንለት፤ ጎበዝ ነሽ፣ ፊትሽ አያስታውቅም ተብዬ ተመሰገንኩ። በማለዳ አንኳኩተን ከፍቶ ያ ሁሉ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ ሲያይ ያለው አንድ ነገር ነው። ኬክ አስቆረሳችሁኝ አለ። እና እኔ በምን አፌ አንቺን እረግማለሁ?

ተናድጄብሽስ ነበር፣ አልዋሽሽም። ባለፈው ዓመት ስንጣላ አንቺ እማዬን የምታውቂያት በስልክ ነው ብለሽኛል። በስልክ ብቻ የማውቃት ከሆነ ያችኑ ስልክ ለምን ነሳሽኝ እያልኩ ብቻዬን ጮኬብሻለሁ። ሲነጋ ግን የራሴ ጉድ ፊቴ ቆመ። ፋሲካን ጠብቂኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ፓስፖርቱን ከያዝኩ ሰባት ወሬ ነው። ከምርጫው በኋላ ተደብቄ ስወጣ የነበረው ፍርሃትም ዛሬ የለም፣ አገሩ ተከፍቷል። ትምህርቴ ይለቅ፣ የሱቁ የገና ጥድፊያ ይለፍ እያልኩ ሳራዝመው፣ ለማንም እሺ የማትል እናትሽ እሺ አለችኝ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ያለችሽም ራሷ ናት፤ አይደል? አንቺማ በራስሽ ይህን ያህል ሆድሽ አይችልም።

አሁን ስሚኝ፣ ወስኛለሁ። የነገውን አላፈርስባቸውም። ጋሽ ተስፋጋብር በዚያ ጉልበታቸው ሦስት ፎቅ ሊወጡልኝ ነው፣ ቄሱም ከሥርዓተ ቅዳሴ በፊት ሊደርሱ ነው። አውቄዋለሁ ብዬ ድካማቸውን ከንቱ አላደርግም። ቃሉን እኔ አልጽፈውም፤ ከሰው አፍ መስማት አለብኝ። ቤቱን አጽድቻለሁ። ከማዶ ካሉት ጎረቤቶቼ ስድስት ወንበር ተውሻለሁ፣ እንግዳ አለብኝ ብዬ። ነጠላዬን ጥለቱን አዘቅዝቄ በሩ ጀርባ ሰቅያለሁ። ማታ እህል እቀምሳለሁ፤ በዚያ እንዲጨነቁ አልፈልግም። ጠዋት ኮቴያቸውን ስሰማ ሳያንኳኩ እከፍትላቸዋለሁ።

ሰኞ እሳፈራለሁ፤ ቲኬቱን ዛሬ ቆርጫለሁ። ለሰማንያው እደርሳለሁ፣ አብሬሽም እቆማለሁ። ቦሌ ላይ ሰው ሰብስበሽ እንዳትጠብቂኝ፤ አንቺ ብቻ ነይ። ልብሷን፣ አልጋዋን ሰጥተሽም ከሆነ አልቆጣሽም፤ ማበጠሪያዋን ብቻ አስቀሪልኝ። ከዚያ ክፍሏ ውስጥ በር ዘግተን ሁሉንም ትነግሪኛለሽ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጨረሻ የቀመሰችውን። ስሜን ጠርታም ከሆነ፣ ሳትጠራ ቀርታም ከሆነ እንዳለ ንገሪኝ። ከእንግዲህ በእኔና ባንቺ መሐል መሸሸግ ይብቃ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ክፍሉ ውስጥ ልጅቷ ለምንድነው አክስቷን የምታበላት ተብሎ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ በቀል ነው አለ፣ ሌላው እብደት ነው አለ፤ ሰዓቱ አልቆ ሳይፈታ ቀረ። ዛሬ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ስጀምር ነው ትዝ ያለኝ። አክስትየዋ ፊልሙን ሙሉ ስታበላ፣ ስታስቅ፣ ስትዋሽ የራሷ ሳህን ባዶ ነበር። ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ያየችው። ሁለት ወር ተኩል ሙሉ እየሳቅሽልኝ ስልኩን ስትዘጊ ምን ትሆኚ እንደነበር እኔ አንዴም አላሰብኩም።

ነገ ማታ እደውላለሁ። የት ናት ብዬ አልጠይቅሽም። እህል ቀምሰሻል ወይ ነው የምልሽ። ሻሽሽን ፈትተሽ አንሺው፤ እንዳትስቂልኝ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። የለቅሶሽን ግማሽ ይዤልሽ እመጣለሁ። ብፅዓትን ያሳድግልሽ፣ የባለቤትሽን ጤና ይጠብቅልሽ። እሷ በየማታው ትመርቀን እንደነበረው፣ አንዳችንን ለአንዳችን ያቆየን።

ካንቺ ሌላ የምትጠራው ያጣች፣
ታናሽ እህትሽ