ከኢሞ ወንዝ ዳር

ይድረስ ለምወድሽ ለኡሉማ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽስ በርትተዋል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። የጎደለን ጨው ብቻ ነው፤ ካሳቫውን አልጫውን መዋጥ ለምደናል።

አሁን የሰፈርነው ኢሞ ወንዝ ዳር ነው። የምንዋጋው የፌዴራሉ መንግሥት ጦር ከወንዙ ማዶ ስላለ ሲያስሉ ሳይቀር ይሰማናል። ባለፈው ሳምንት ሻምበላችን "ዋና የሚችል ማነው?" ብሎ ጠየቀ። አሥራ ሁለት ሰዎች ወጡ፤ የሰፈራችን ልጅ ምባም አብሯቸው ተሻገረ። እስካሁን ስላልተመለሰ ሰላምታ አልላከልሽም። እናቱ ከጠየቁሽ ሥራ በዝቶበታል በያቸው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሻምበሉ ወንዙ ዳር አሰልፎ የምንሻገርባቸውን ታንኳዎች አሳየን። "ዋና የማይችልስ አለ?" አለን። ማንም እጁን አላወጣም። አጠገቤ የቆመው አንጋፋ ወታደር ግን "አንተ ልጅ፣ ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል እኮ" አለኝ።

"ብርድ ነው" አልኩት።

"በዚህ ሙቀት?" ብሎ ሳቀ። አንቺም ምንጩ ጋ ዋና ልታስተምሪኝ ስትሞክሪ "ካንተ ድንጋይ ይሻላል፣ ቢያንስ አይጮህም" ያልሽኝ ትዝ አለኝና አብሬው ሳቅሁ።

የጦሩ ቄስ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ደብዳቤ ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ለእሳቸው እንዲሰጥ ስለታዘዘ እየተቻኮልኩ ነው የምጽፍልሽ።

ሊያገባሽ የሚመላለሰው ያ አስተማሪ አሁንም እናንተ ቤት ይመጣል? በፊት በሩን ዝጊበት ብዬሽ ነበር። ሳስበው ግን ክፉ ሰው አይደለም። ከመጣ ወንበር ስጪው።

እናትሽን በእኔ ስም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ደህና ሁኚልኝ፣ ዓለሜ።

ያንቺው ኦኬሬኬ