እግሩን ያዝልኝ ያልኩበት ሰው

እሁድ

ብዕሩን የያዘችው ሐዋ ናት፣ ሚስቴ። ቃሉ የኔ፣ እጁ የሷ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እሷ በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ገብታ ስትማር እኔ ጨፋ ላይ በሬ እጠምድ ነበር፤ አላፍርበትም። ዛሬ «አንድ ነገር እየደጋገምክ ጆሮዬን በላኸው» ብላ ደብተር አወጣች። «በል ተናገር፣ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ ዝም ትላለህ።» ዝም ማለቱን እንጃ።

ነገሩ ይሄ ነው። ጂብሪል የልጄ የዘይነባ ልጅ ነው። ሜልቦርን የሚባል የአውስትራሊያ ከተማ ይኖራል፣ ኳስ ተጫዋች ነው። የሰፈር ኳስ አይደለም፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው። የተወለደው እዚሁ ከሚሴ ነው፤ ጥርሱን ሳይነቅል እናቱ ይዛው ሄደች። ክለቡ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አሠለጠነው፣ ዘንድሮ ከትልልቆቹ ጋር ቀላቀለው፣ ጎልም አገባላቸው። አሁን ደግሞ ከአውሮፓ አንድ ስሙ የገነነ ሽማግሌ ገዝተው አመጡና በሱ ቦታ አሰለፉት። ሽማግሌ የምለው ለኳስ ነው፣ ሠላሳ አምስት አልፎታል አሉ። ስሙን መጥራት አልችልም፣ መጥራትም አልፈልግ።

ዛሬ ጂብሪል ደወለ።

«መቼ ነው የምትገባው?» አልኩት።

«እሱ ሲደክመው፣ አባ።»

«መቼ ነው የሚደክመው?»

«ጨዋታው ሊያልቅ ሲል።»

የዘንድሮው ውድድር ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ካልተሰለፈ አያድሱለትም። ይህን ሁሉ እየሳቀ ነው የሚነግረኝ። ሲከፋው እንዲያ ነው የሚስቀው፣ እናቱም ልጅ ሆና እንዲያው ነበረች።

በግቢያቸው ያሳደጉትን ወይፈን ግንድ ላይ አስረው የሰው በሬ ይገዛሉ። ያናድዳል። ጻፊው። ያናድዳል።

ሰኞ

ተስፋዬ ጎሚስታ ዘንድ ዋልኩ። በደሴ መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ ይጠግናል። ኳስ ከሱ በላይ የሚያውቅ ከሚሴ ላይ የለም ይባላል፤ የሚለውም ራሱ ነው። የሰውዬውን ፎቶ በስልኩ አውጥቶ አሳየኝ። ዋንጫ ይዞ ጥርሱን ያሳያል።

«ጋሽ ሙሄ፣ ይሄ ሰው እኮ ቀልድ አይደለም! ልጄ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል።»

«ለኔ ልጅ ምን ይሁነው?»

«ነገሩን ላስረዳህ። እዚያ አገር ሕዝቡ ልቡ ሌላ ኳስ ላይ ነው፣ በእጅ ይዘዋት የሚሮጡት እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነች ኳስ አለች። የእግር ኳሱ ወንበር ባዶውን ነው። ኮከብ ካላመጡ ሰው አይገባም። ሰው ካልገባ የጂብሪልን ደመወዝ ማን ይከፍላል?»

«በእጅ የሚይዙትን ምኑን ኳስ ይሉታል?» ብዬ ነገሩን አስቀየስኩ።

ቆየት ብዬ «ከባቲ ተገዝቶ የመጣ በሬ ድርቆሼን ጨርሶ፣ ማሳዬን ሳያውቅ አረጀ» አልኩት።

«ቦራስ ከየት መጣ?» አለኝ።

ቦራ ማለት በዕድሜዬ ካረስኩባቸው በሬዎች ሁሉ የሚበልጠው ነው። የገዛሁት ከባቲ ነበር። ረስቼው። ተስፋዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጎማ ሲነፋ ኖሮ ኖሮ ራሱም ተነፋ።

ማክሰኞ

ሼህ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ጎረቤታችን ነው። ሰው ሲታመም፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ልጅ ዐረብ አገር ሲሄድ ሰፈሩን ሰብስቦ ዱዓ የሚያስደርገው እሱ ነው። ባዶ እጄን አልሄድኩም፣ ደህና ጫት ይዤለት ነው። ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም፣ ቁጭ እንዳልኩ ተናገርኩ።

«አንድ ሰው እንዲነሣልኝ ዱዓ አድርግልኝ።»

«ከየት እንዲነሣ?»

«ከልጄ ቦታ።»

«ሰውየው ምን አደረገህ?»

«ምንም። ተገዛ።»

ከት ብሎ ሳቀ። ነገሩን ሁሉ ስነግረው ግን ሳቁን ተወ። «ሙሄ፣ ሰውየው ለዚያ አገር እንግዳ ነው እኮ። እንግዳ ላይ ዱዓ ይደረጋል እንዴ? ለልጅህ ልለምንልህ። በሰው ላይ እጄን አላነሣም።»

«እንግዲያው ጫቴን መልስ» አልኩት። አልመለሰም።

ወደ ቤቴ አልገባሁም። ቦርከና ወንዝ ዳር ወረድኩ። ማሽላው ውስጥ ቆምኩ፣ ዙሪያዬን አየሁ፣ ሰው የለም። እጄን ዘረጋሁ። «ያ ረቢ፣ ነፍሱን አልልህም፣ ቤተሰቡንም አልልህም። እግሩን ብቻ ያዝልኝ» አልኩ።

ሐዋ እዚህ ላይ ስትደርስ ብዕሩን አስቀመጠች። «ይህን አልጽፍም።»

«ቃሉ የኔ ነው። ጻፊ።»

ጻፈችው። ፊቴን ግን አላየችኝም።

ረቡዕ

ጨፋ ሮቢት ገበያ። ጥጃ ልሸጥ ነድቼ ሄድኩ፣ ሳልሸጥ ነድቼ ተመለስኩ። ዋጋ ጠፍቶ አይደለም። ነጋዴው ሲያናግረኝ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ።

እቤት ተቀመጥኩ። ተነሣሁ። በር ላይ ቆምኩ። ስልኩን አየሁ፣ ዝም ብሏል። ሐዋ «አንት ሰውዬ፣ ምንጣፉን በእግርህ ፈጀኸው» አለች። ሌላ የማስጽፈው የለም።

ሐሙስ

በጠዋት ዘይነባ ደወለች። ሰውየው ትናንት ልምምድ ላይ ወድቋል። ማንም አልነካው፣ ማንም አልገፋው። ሲሮጥ ቆይቶ ከጭኑ በስተኋላ ያለችው ጅማት ተበጠሰች፤ በሰው ትከሻ ተደግፎ ወጣ። ስለዚህ ቅዳሜ ጂብሪል ከመጀመሪያው ይሰለፋል።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ስጮህ ጎረቤት ወጣ። ኩታዬን ሳልደርብ ተስፋዬ ጋ ገሰገስኩ። እሱ አንዴ «ወይኔ ሰውየው!» ይላል፣ አንዴ «ጂብሪል ተሰለፈ!» ይላል፤ የቱን እንደሚያስቀድም ጠፋው። ስመለስ ሐዋ ምሳ አቀረበች። እኔም የማሽላውን ነገር አላነሣሁ፣ እሷም አላነሣች። ሁለታችንም ግን አውቀነዋል።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ጂብሪል ራሱ ደወለ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ! እንኳን ደስ ያለህ!»

«አባ፣ ደስ አላለኝም።»

ድምፁ ከብዷል። ቀስ እያለ ነገረኝ። ሰውየው ከመጣ ጀምሮ ልምምድ አብቅቶ ሌሎቹ ሲሄዱ እሱን ያስቀረዋል። ተከላካይ ከኋላው ሲጫነው እንዴት እንደሚዞር፣ ኳሷን በየትኛው እግሩ እንደሚሸሽጋት ያሳየዋል፣ ደግሞ ያሳየዋል፣ ሲያጠፋ ይሰድበዋል። አሠልጣኙንም «ይሄን ልጅ ቶሎ ቶሎ አስገባው» የሚለው እሱ ነው።

«እንዲህ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም፣ አባ።»

ታዲያ እሁድ ለምን አልነገርከኝም ልለው ነበር። ተውኩት። እሁድ ስናገር የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ መቼ አፍ አገኘ?

እዚህ ጨፋ ወይፈን ለእርሻ ስናቀና ከሌላ ወይፈን ጋር አንጠምደውም። ሞፈር ከለመደ ከሸመገለ በሬ ጋር ነው የምናጣምደው። አንዱ ሲጎትት አንዱ ይማራል፣ ሽማግሌው ጉልበቱ ሲያልቅ ወይፈኑ ቀንቷል። ይህን የማያውቅ አራሽ የለም። እኔ ስንቱን እንዲያ አቅንቼ፣ የራሴ ልጅ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው በሬ እግሩ እንዲሰበር ለመንኩ።

ጻፊው። አዎ፣ እንዳለ ጻፊው።

ጁምዓ

ከመስጊድ ስንወጣ የሼህ ሰይድን እጅ ያዝኩ።

«አላደርግም ያልከኝን ዱዓ እኔው ራሴ አደረግኩት» አልኩት። «ሰውየውም ወደቀ።»

ቆሞ አየኝ። «እና አላህ የሙሄ ሎሌ ነው? አንተ ማሽላ ውስጥ ሆነህ ስላዘዝክ ባሕር ማዶ ጅማት ይበጥሳል? አስተግፊሩላህ! ኩራትህ እኮ ሰማይ ደረሰ!»

እንዲህ አድርጎ የሰደበኝ ሰው ካባቴ ወዲህ የለም።

«ቢሆንም» አልኩት።

እሱም «ቢሆንም» አለ። «ና፣ ለእግሩ እናስደርግለት።»

እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ዱዓ ሲደረግ በእናቱ ስም ነው የሚጠራው፤ የእገሊት ልጅ እየተባለ። የፈረንጁን እናት ማን ያውቃታል? ተስፋዬ ተጠራ። ስልኩን ጎረጎረ፤ የት ተጫወተ፣ ስንት አገባ፣ በስንት ተሸጠ፣ ሁሉም አለ። እናቱ የለችም። ጂብሪል ጋ ደወልን።

«የእናቱን ስም ጠይቀው ነው የምትለኝ? አባ፣ እሱ እኮ ታሞ ተኝቷል!»

«ስለታመመ ነው የምልህ። ጠይቀው።»

ሼህ ሰይድ ቤት ተቀምጠን ጠበቅን። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፣ ከበሩ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ በሩ። መልእክቱ መጣ። ሮዛ። ሰውየው መጀመሪያ «ለምን ፈለግከው?» ብሎት ነበር። ጂብሪል «አያቴ ሊጸልይልህ ነው» ሲለው ግን ስሟን ነገረው፤ እንዳይሳሳት ብሎም ፊደሏን አንድ በአንድ አስቆጠረው።

«የሮዛ ልጅ» አለ ሼህ ሰይድ፣ እጁን አነሣ። የሮዛ ልጅ እግሩ ይጠና። የሮዛ ልጅ በሁለት እግሩ ይቁም። እኛ አሚን። ተስፋዬ ክርስቲያን ነው፤ ጫማውን አውልቆ በሩ ሥር ተቀምጦ የሱ አሚን ከሁላችንም በለጠ። ቆይቶ ሳስበው የተስፋዬ እህትም ስሟ ሮዛ ነው።

ቅዳሜ

ጨዋታው እዚያ ማታ ነው፣ እዚህ ገና ረፋድ። መብራት የለም። ተስፋዬ ጎማ የሚነፋበትን ጄኔሬተር ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረው፤ ጨዋታውን ከስልኩ አገናኘበት። አንድ የሲኖትራክ ሾፌር ጎማው ተንፍሶ ቆሟል።

«ጌታው፣ የኔ ጎማስ?»

«ልጃችን እየተጫወተ ነው። ተቀመጥ» አለው ተስፋዬ።

እያጉረመረመ ተቀመጠ።

ጂብሪልን አየሁት። አንገቱ የዘይነባ ነው። ገና እንደተጀመረ ኳስ ባዶ ቦታ ላይ መጣችለት፤ ወደ ሰማይ ላካት።

«ይሄ ነው ልጃችሁ?» አለ ሾፌሩ። ከዘራዬን ጨበጥኩ። ሐዋ ከጎኔ ናት፣ እጄን ያዘችኝ።

ሌሎቹ አገቡ። የኛዎቹ ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ። ልጄ ኳስ ሲነካ ቶሎ ይለቃታል፣ አይቼዋለሁ። አንዴ «አስወጡት» ይላሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከዕረፍት በኋላ ነው። ኳሷ መጣችለት፣ ፊቱን ለራሱ ወገኖች ሰጥቷል፣ ግንድ የሚያክል ተከላካይ ከኋላው ተጭኖታል። ዞረ። እንዴት እንደዞረ አልገባኝም፤ ግንዱ ወዲያ ሄደ፣ ልጄ ወዲህ። ለጓደኛው አሳለፈለት። ገባ! ሾፌሩ ከሁላችን ቀድሞ ዘለለ፣ «ልጃችን!» እያለ። ተስፋዬ ጎማዎቹን በመፍቻ ይደበድባል።

ያኔ ቴሌቪዥኑ የተጠባባቂዎቹን ወንበር አሳየ። ሰውየው በክራንች ቆሟል፣ በአንድ እግሩ። ጢሙ ሸብቷል። ከዋንጫው ፎቶ ጋር አይገናኝም። በጣቱ ልጄን እያሳየ ለአሠልጣኙ ይጮኻል፣ ሰማህ? አየህ? እንደሚል።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ኔትወርክ ሄደ። እስኪመለስ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ ሐዋ ታውቃለች። አንድ ለአንድ ነው ያለቀው።

እሁድ

ጂብሪል ደወለ። ሰውየው የሐኪም ቢላዋ አያስፈልገውም ተብሏል፤ ወራት ግን ይፈጃል። ዱዓችን ደረሰ ይባላል አልደረሰም፣ ሼህ ሰይድ ይፍረድ። አሠልጣኙ ጂብሪልን ትከሻውን መታ መታ አድርጎታል።

«ውሉስ?»

«ውል አልተነሣም፣ አባ። ሌላ አጥቂ ሊያመጡ ነው። ከደቡብ አሜሪካ። በሚመጣው ሳምንት ይገባል አሉ።»

ደሜ ፈላ። አንዱ ገና ከመውደቁ ሌላ! ትናንት ያዩት ዓይናቸው ምን ሆነ? አፌን ከፈትኩ።

ልጁ ቀደመኝ። «አባ፣ የዚህኛውን እግር ተውልኝ።»

ሐዋ ነግራዋለች! ዞሬ ሳያት ሻሿን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ልጁም እዚያ ማዶ ይንፈቀፈቃል፤ ትንፋሽ እስኪያጥረው። እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ሁለት ሆነው ሲስቁብኝ ምን ልበል? ተቆጣሁ። ትንሽ ቆይቶ እኔንም አመለጠኝ።

ውሉን ይስጡት፣ አይስጡት አላውቅም። የሚመጣው ሰው ያስተምረው ወይ ይርገጠው አላውቅም። ያሳደጉትን ወንበር ላይ አስቀምጦ ገበያ መውጣት ልክ አይደለም፤ ከዚህ ቃሌ ሼህም፣ ጎሚስታም አያወርደኝም። ግን አዲሱን ሰውዬ «በሰላም ያግባው» አልኩ። «ለልጄም ቦታውን ያስፋለት» ብዬ ጨመርኩበት። ይሄ ክፉ ዱዓ አይደለም።

በይ ሐዋ፣ የዛሬውን አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። ከራስሽ የጨመርሽበት ካለ አውቀዋለሁ።