ከአውሮፕላኑ ወሬ ያስቀረሁት

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን አለህ ብዬ መጀመር አልቻልኩም። እንዴት እንዳለህ አውቃለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ክንድህን ለኩላሊት እጥበቱ ማሽን ሰጥተህ አራት ሰዓት ትተኛለህ፤ በቀሩት ቀናት ከስፌት መኪናህ ኋላ ተቀምጠህ የሰው ሱሪ ታሳጥራለህ። ሰባት ዓመት እንዲህ ነው።

ይህን የምጽፍልህ ከመነጽር ቤቱ የኋላ ክፍል ሆኜ ነው፣ በምሳ ሰዓት። እንደምታውቀው ሥራዬ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ መስታወት እየቀያየሩ "ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?" ማለት ነው። ዛሬ አንዲት ሴትዮ "ልጄ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የደከምሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ። ሦስት ጊዜ ያንኑ መስታወት ነበር የደቀንኩባት።

ትናንት ልጅህ ደወለችልኝ።

"አክስቴ፣ የአውሮፕላኑን ወሬ ንገሪኝ።"

"ስንቴ ሰምተሽዋል እኮ።"

"ያኔ ለመሳቅ ነበር። አሁን ልሳፈር ነው።"

መመርመሯን የሰማሁት ከእሷው አፍ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት በሞላት በሳምንቱ ሄዳ ደሟን ሰጠች፤ ገጥሟል አሏት፤ ቅዳሜ ከአንተ ጋር ሄዳ አንድ ኩላሊቷን ትሰጥሃለች። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገረችኝ፣ የፈተና ውጤት እንደሚናገር ተማሪ። ወሬውን ጀመርኩላት።

ወሬውን ታውቀዋለህ። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር "እስቲ ያቺን የአውሮፕላኗን" እየተባልኩ የማወራው ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት እኔና አንተ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፈርን፤ እኔ ሰጪ፣ አንተ ተቀባይ ልንሆን። በመስኮት በኩል ያለውን ቦታ ለቀቅክልኝ። ቀበቶውን ማሰር ስላላወቅኩበት ጫፍና ጫፉን እንደ ጫማ ማሰሪያ ቋጠርኩት። አስተናጋጇ ብትታገለው እምቢ አላት። አንተ ጎንበስ ብለህ በጥርስህ ፈታኸውና "አንቺ ጭራሮ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጥሽ ነው?" አልከኝ። አስተናጋጇ አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ የወንበሩን ስፌት በአውራ ጣትህ ዳሰስክ፣ ዳሰስክና "ይሄን የሰፋው ሰው ክር አልሰሰተም፤ በሰላም እንገባለን" አልክ። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይስቃል። እኔም ሁልጊዜ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ትናንት ልጅቷ አልሳቀችም።

"ፈርተሽ ነበር?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

ደንበኛ መጣ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ደንበኛ አልነበረም።

ከወሬው ያስቀረሁትን ልንገርህ። ግማሹን አንተም ነበርክበት።

ደመናው ውስጥ ስንገባ ጆሮዬ ተደፈነ። ክንፉን አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል። ያን የሚያህል ብረት ይንቀጠቀጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያ አውሮፕላኑ ከሥራችን የወረደ መሰለኝ። አንዴ። ደግሞ አንዴ። ባበጡት ጣቶችህ እጄን ያዝከኝና ወደ ጆሮዬ ተጠግተህ፣ "ስሚ፤ ልብሽ እምቢ ካለ አሁኑኑ ንገሪኝ። እዚያ ከገባን በኋላ ይከብዳል። እኔ እንደሆነ አልቀየምሽም" አልከኝ።

"ሁለቱንም ውሰድ" አልኩህ።

ሳቅክ። ዓይንህ እንባ ሞላ። እኔም በዚያች ደቂቃ ከልቤ ነበር፤ ወይም ከልቤ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ላይ ሆኜ መለየት አልችልም። መሬት ብቻ እንርገጥ እንጂ የተጠየቅኩትን ሁሉ እሰጣለሁ እያልኩ ነበር። መሬት ረገጥን።

በአራተኛው ቀን ሐኪሙ ብቻዬን አስጠራኝ። አንተ ኮሪደሩ ላይ ኮትህን ጭንህ ላይ አጥፈህ ተቀምጠሃል። ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠርዙ ላይ ግማሽ የተጠጣ ሻይ። ፋይሉን ገልጦ "ገጥሟል" አለኝ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ። "ይህን የምጠይቀው ሰጪን ሁሉ ነው። ካልፈለጉ ለወንድምዎ 'አልገጠመም' እንላለን። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አይወጣንም።"

አልፈልግም አላልኩም፤ ይህን እወቅልኝ። አይ፣ አትወቅልኝ፤ ምን ይረባሃል። "ማንም አያውቅም?" ብቻ ነው ያልኩት። ሐኪሙ ለአፍታ አየኝና ፋይሉን ከደነው።

ኮሪደሩ ላይ ሲነግርህ ከጎንህ ቆሜ ነበር። ትከሻዬን ይዘህ "አንቺ ምን ታደርጊ፤ ሲፈጥርሽ ያልገጠመውን" አልከኝ። ውሃ ገዛህልኝ። ለእኔ።

ስንመለስም የመስኮቱን ቦታ ለቀቅክልኝ። ከመነሳት እስከ ማረፍ ፊቴን ከመስታወቱ አላነሳሁም። ግንባሬ ደነዘዘ። ቤት ስንገባ ለሚስትህ "ይቺ ሰማይ ወዳ ቀረች፤ አንዴ እንኳ ዞር አላለች" አልካት። እኔ ወሬዬን ባቆምኩበት እሱን ዘመድ ይቀጥልበታል። ወንድሜ፣ ሰማዩን አላየሁትም። አንተን ላለማየት ነው።

ለምን ትለኝ ይሆናል። ቢላውን ፈራሁ። ሳልወልድ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከዚህም ያነሰ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ እንዳለሁ ወደ ቤቴ መመለስ ፈለግኩ፣ በቃ። እናታችን ከሞተች በኋላ የትምህርት ቤት ቀሚሴን ጠርዝ አራት ጣት አጥፈህ ትሰፋልኝ ነበር፤ በቁመት ስጨምር በየዓመቱ አንዷን ጣት ትፈታታለህ። ይህን እያስታወስኩ ነው ያን ሐኪም የጠየቅኩት። ረስቼው ቢሆን በተሻለ።

ቤትህ ስመጣ ሐኪም የፈቀደልህን ጥቂት የቀን ውሃ በብርጭቆ ለክተህ ስትጠጣ አያለሁ። አጠገብህ ጠጥቼ አላውቅም። ሚስትህ "ይቺ ውሃ አትወድም" ትላለች። መንገድ ላይ ወጥቼ ከመጀመሪያው ሱቅ ገዝቼ ቆሜ እጨልጣለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሆስፒታሉ ደወልኩ። ያ ሐኪም የለም፤ በቦታው አንዲት ሴት ናት። ፋይሉ ግን አለ። "እንደገና መመርመር አለብዎት፤ ሰባት ዓመት ብዙ ነው" አለችኝ። ስለዚህ እርግጠኛ ነገር በእጄ የለም። ግን ልጅቷ አልጋው ላይ ከመውጣቷ በፊት እኔ ልታይ። ባይገጥም እንኳ የአሁኑ "አልገጠመም" እውነተኛ ይሆናል።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። "ሃሎ፣ ጭራሮ" ስትለኝ ዋጥኩት። ስለዚህ ወረቀቱን ነገ ጠዋት የአውቶቡሱ ሾፌር ሱቅህ ድረስ ያመጣልሃል። የልጅቷ ቀዶ ጥገና ለምን እንደሚቆይ እኔው እነግራታለሁ፤ አንተ አትድከም።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና ነው። የቅዳሜውን ትኬት ቆርጫለሁ። ወንበሬ ከእናንተ ስድስት ረድፍ ኋላ ነው፤ ዞረህ ማየት አይጠበቅብህም፣ ማናገርም እንደዚያው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። አሁንም እፈራለሁ፤ ከያኔው አልተሻለኝም። ሐኪሟ ብቻዬን ልታናግረኝ በስሜ ስትጠራኝ፣ ተነስተህ አብረኸኝ ግባ። አይቻልም ብትልህም ግባ። ብቻዬን አትልቀቀኝ።

እህትህ