ከዘነቡ ለውዝ የሚቀድም ዛፍ

ይድረስ ለባለቤቴ ለጌታሁን፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ብርድ ገባ። ጉልበቴን ይዞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ልጃችን ማርታ ከከተማው ዳር ከፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር በባቡር እየመጣች ታየኛለች። ያፈስ የነበረው የጓዳው ጣሪያ ተጠግኗል። ካፖርትህን ለማንም አልሰጠሁም።

ግን አንጀቴን የሚያሳርር ነገር አለ፤ ካንተ ሌላ ለማን እነግረዋለሁ? በጎረቤታችን በዘነቡ ደጅ ላይ የተከልክላት የለውዝ ዛፍ ባለፈው ጥር በአንድ ጊዜ አብቦ ነጭ ሆነ። በዚህች ቅድስት ከተማ፣ የኢትዮጵያ መንገድ በሚሉት በሰፈራችን የሚያልፈው ቱሪስት ሁሉ ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል። ለአስተርእዮ ማርያም ቅርንጫፍ ቆርጣ ወስዳ ከሥዕሏ ፊት አቆመችው። ካህናቱ መረቋት፤ ሴቶቹ የጌታሁን እጅ ነው፣ ነፍሱን ይማር እያሉ እሷን ሳሟት። እሷን! እኔ ሚስትህ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ከምሰሶው ኋላ ቆሜ ነበር።

ለኔ የተከልከው ሮማን ነው። አበባ ዓይን ያጠግባል፣ ፍሬ ሆድ፤ ለቤት ፍሬ ይሻላል ትል ነበር። የእሷ ሲያብብ የኔው ቅጠሉን አርግፎ እንደ መጥረጊያ ቆሟል። አበባ እንደማልወድ ማን ነገረህ? ለእሷ ስትተክል እጅጌህን ሰብስበህ ታፏጭ ነበር፤ የኛን ስትተክል አላፏጨህም። ይህን ስነግርህ ቅናትሽ ከጥርስሽ ቀድሞ ነው የበቀለው ብለህ ሳቅህብኝ።

ባለፈው ሳምንት ማርታን ይዤ ጊሎ ሰፈር አጠገብ ካለው ችግኝ መሸጫ ሄድኩ። ሻጩን ለኅዳር ጽዮን የሚያብብ ዛፍ ስጠኝ ስለው ዓይኑን አፈጠጠ። ማርታ እየሳቀች በነሱ ወር ቆጥራ አስረዳችው። ቢጫ አበባ ያለው ግራር አሳየን፤ መቼ ያብባል ስለው ከለውዝ ጋር እኩል ነው አለ፤ ተውኩት። በመጨረሻ ወሽመላ አመጣ፣ እዚህ ሸሴክ የሚሉትን። ገና ብርዱ ሲጀምር ያብባል፤ አበባው ለዓይን ያን ያህል አይደለም፣ ሽታው ግን አጥር ይዘላል አለን። እሱን ያዝኩ።

ከሮማኑ ጎን ራሴ ተከልኩት። እስኪያብብ ዓመታት ይፈልጋል አሉኝ። ግድ የለም፣ ለቅናት ዕድሜ አይጠፋም። ዘነቡ በጥር ታስብህ፤ አልከለክላትም። በኅዳር ግን ቅርንጫፌን ይዤ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ፤ ስምህንም ከማንም በፊት የማስጠራው እኔ ሚስትህ።

ጥሩወርቅ