ከተራራው ላይ ስጠራሽ

ውድ ዘምዘሜ፣

«ሪያድ ጉልበትሽን በላው፣ ከእንግዲህ ዳገት አትወጪም» ብለሽኝ አልነበር? ስሚኝማ! ዛሬ ማዳሜ ከነልጆቿ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የድንጋይ ተራራ ይዛኝ ሄደች። «አንቺ መኪናው ጋ ጠብቂ» ብትለኝም፣ አባያዬን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ከልጆቿ ቀድሜ ጫፉ ላይ ጉብ አልኩ! ሣር የለው፣ ዛፍ የለው፣ ገደሉ ግን የእኛን ያስንቃል። ደስታዬን የማደርገው ቢጠፋኝ እንደ አገራችን ቁልቁል «አንቺ ዘምዘም ሆይ!» ብዬ ተጣራሁ። ከታች አንዲት ሴት «አቤት!» አትለኝም መሰለሽ! ወርጄ ባያት እንደኔው ሰው ቤት የምትሠራ ሐበሻ ናት። «ዘምዘም ነሽ እንዴ?» ስላት፣ «ብርቄ ነኝ እህቴ፤ በአማርኛ የሚጠራኝ ሰው ናፍቆኝ ነው» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ ብርቄም ስምሽን ስለተዋሰች ሰላም ብላሻለች። ጉልበቴን ግን ዳግመኛ እንዳታሚው!

እህትሽ አስማ