ስለ አንጣሪው አልጋና ስለ አልጣሽ ክንድ

ይድረስ አሰብ ለሚገኘው፣ ከዓይኔ ርቆ ከሆዴ ላልራቀው ወንድሜ ለአካሉ።

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱ እንዴት ያደርግሃል? ወደቡ ላይ ጆንያ ስትሸከም ትከሻህ ላይ የወጣው ቁስል ሻረልህ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ዓሣውን መብላት ለመድክ ወይስ አሁንም ሽታው ሲመጣ አፍንጫህን ይዘህ ትሸሻለህ? አከራይህ ዘይነባስ ደህና ናት? እንደ ልጇ ነው የያዘችኝ ብለህ ከላክብኝ ወዲህ ስሟን ሳልጠራ ጸሎቴን ጨርሼ አላውቅም። እኛ ካንተ መራቅ በቀር የጎደለብን የለም። አባታችን መርጌታ ወልደሩፋኤል ዓይናቸው ደከመ እንጂ ድምፃቸው እንዳለ ነው። እኔም እህትህ ሸዋረግ ምላሴ እንዳለ ነው። ልጅህ አልጣሽም ደህና ናት። ደህና ናት አልኩህ! ሁለቴ የጻፍኩት ስለማታምነኝ ነው።

የመኪናው ረዳት ቸኮል ሐምሌ ላይ ቃልህን አድርሶልኛል። መኪናቸው ጭቃ ይዞት ከወረኢሉ ወዲህ በእግሩ ነው የመጣው፤ ምስኪን፣ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ በር ላይ ቆሞ ያልከውን ሁሉ ዘረገፈው። ያንን ልጆች የሚዘሉበትን ነገር አፍርሺው፣ እንጨቱን አንድጂው፣ ልጄ ዳግመኛ እግሯን እንዳታነሳበት ብለሃል። ሲነግረኝ እሱ ራሱ እንደ አንተ ተቆጥቶ ነበር። ወሬውን ማን አሰብ ድረስ እንዳደረሰልህም አላጣሁትም። የጎረቤታችን የወርቄ ወንድም ነው አይደል? ወርቄ እንደሆነች ቁንጫውን ዝሆን ታደርገዋለች። ልጅቷን ሰማይ ወርውሮ ፈጠፈጣት፣ አንገቷ ተቆልምሟል ብላ ነው አሉ የላከችው። አንገቷ ምንም አልሆነም። የተሰበረው የግራ ክንዷ ነበር፤ እሱም ድኖ ውሃ ትቀዳበታለች። ትንፋሽህ ይመለስና ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከገና በኋላ ዘማች ተማሪዎች መጡልን። አዋጁ ሲታወጅ፣ መሬት ላራሹ ሲባል፣ እነሱ ናቸው ገበሬውን እየሰበሰቡ ማኅበር ያቋቋሙት። ከነሱ አንዷ ቦጋለች ትባላለች፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ካኪ ሱሪ ትለብሳለች። አባታችን መጀመሪያ ሲያዩዋት ወንድ መስላቸው አንተ ልጅ የማን ነህ ብለዋት፣ እሷም ሳትቀየም እጃቸውን ስማለች፤ ከዚያ ወዲህ ቤተኛ ሆነች። ትምህርት ቤቷ ውስጥ በዝላይ የተሸለመች ናት። የኛ ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ሲውሉ ስታይ አንጀቷ አልችል አለ መሰለኝ። የእርዳታ እህል ሲያመላልስ ኖሮ ከገበያው በታች ተሰብሮ የቀረውን መኪና ባለቤት ለምና፣ አሮጌ ሸራና የጎማ ከመነዳሪ አመጣች። ከመነዳሪውን እንደ ጠፍር ሸነሸነችው። የታችኛው ጎረቤታችን መለሰ ባሕር ዛፍ ቆረጠላት። ጓሯችን ሜዳ ስለሆነ እዚያ አራት ቋሚ ተከሉ፣ አግዳሚ አሰሩ፣ ሸራውንም በከመነዳሪው ዙሪያውን ወጠሩት። ቁመቱ ከወገቤ ይደርሳል። የጠፍር አልጋ ነው በለው፤ ብቻ የኛ አልጋ ሲወጡበት ይጎደጉዳል፣ ይሄ ሲወጡበት ያነጥራል። ልጆቹም አንጣሪ አልጋ አሉት።

አጃኢብ ነው፣ አገሩ ሁሉ ሊያይ መጣ! ወርቄ አንጀታቸው ይቋጠራል አለች። አንዱ ቄስ ሰይጣን ነው ወደ ላይ የሚወረውራቸው ብለው አማተቡ። አባታችን ደግሞ ማኅሌት ላይ ደብተራውስ ከመሬት ይነሳ የለ፣ ምን ጣጣ አለው ብለው መለሱላቸው። ቦጋለች ግን አንድ ነገር ደጋግማ አስጠንቅቃን ነበር። አንድ በአንድ ብቻ ይውጡ፣ ሁለት ሆነው እንዳይዘሉ፣ ትልቅ ሰው ሳይኖርም እንዳይጠጉት ብላናለች።

አካሉ፣ አሁን ደግሞ በደብዳቤ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ደህና ናት እያልኩ ስጽፍልህ አልዋሸሁህም፤ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትታዘዛለች። ነገር ግን ከደሴው የረሃብተኞች መጠለያ አምጥተህ ወረኢሉ ገበያ ዳር ከሰጠኸኝ ቀን ጀምሮ ይህች ልጅ ስቃ አታውቅም ነበር። ቂጣ ስሰጣት ግማሹን መደብ ስር ትቀብረዋለች። አይጥ ይበላዋል፣ እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ግድግዳው ስር ከአያቷ ጎን ትቀመጣለች፤ ሁለት ሽማግሌ ነበር ያለኝ። ምን ልበልህ? ጆንያ ተሸክመህ እየዋልክ ይህን ብጽፍልህ ምን ይረዳህ ነበር?

ያን ቀን ቦጋለች እጇን ይዛ ሸራው ላይ አወጣቻት። እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ድምፅ ሰማሁ፣ ልቅሶ መስሎኝ ቢላውን ጥዬ ሮጥኩ። ለካ ሳቅ ነው! ጉልበቷን አጠፍ ስታደርግ ሸራው ብድግ ያደርጋታል፣ ብድግ ባደረጋት ቁጥር ትንከተከታለች። ድምፁ ደግሞ የአበቡ ነው፣ የሚስትህ ሳቅ ቁርጥ! አፈር ውስጥ የቀረ መስሎን የነበረውን ሳቅ ልጅቷ ይዛው ኖሯል። ጓሮው ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባታችንም ከደጅ ሆነው ማናት የምትስቀው፣ ማን መጣብን እያሉ ይጣራሉ።

አሁን ስለ ክንዷ። ይህን ጥፋት በቦጋለችም በሸራውም አታላክክ፤ የኛው ጠባይ ነው ያመጣብን። ከፋሲካ በኋላ አባታችን ጓሮ ወጥተው ተቀመጡ። አንድ ልጅ ሲዘል ሌሎቹ ቆመው እኔስ እኔስ ሲሉ ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። ታውቃቸዋለህ፣ ከክፉው ዘመን ወዲህ ብቻውን የሚበላ ሰው ስሙ ሲነሳ እንኳ ይዘገንናቸዋል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ብቻውን መጫወት የለመደም ነገ ብቻውን ይበላል ብለው ሁላችሁም ውጡ አሉ። እኔም ብሆን እውነታቸውን ነው አልኩ። ማን ልጁን ስስታም እያደረገ ያሳድጋል? ልጆቹ ተግተልትለው ወጡ። ሰርግ ነው ብለው አልጣሽን ሙሽራ አድርገው መሀል አስገቧት፣ ዙሪያዋን ሚዜ ሆኑና እየዘፈኑ ይዘሉ ጀመር። እልል ያልኩት እኔ ነኝ። የመለሰ ትልቁ ልጅ ከላይ ሲያርፍ ሸራው እሷን አስፈንጥሮ አግዳሚው ላይ ጣላት። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ያ ድምፅ አሁንም አንዳንዴ ከሥራዬ ያስቆመኛል።

ወጌሻው ወዲያው መጣ። ስቦ አስተካከለው፣ በቅቤ አሸው፣ በሸምበቆ አሰረው። አምርሮ ይቆጣናል ብዬ ስጠብቅ፣ ከዛፍ የወደቀ ጠግኛለሁ፣ ከበቅሎ የወደቀ ጠግኛለሁ፣ ከመደብ ላይ የወደቀም ጠግኛለሁ፣ አሁን ደግሞ ከሰማይ የወደቀች አመጣችሁልኝ ብሎ አሳቃት። እሷ ሳቀች እንጂ አባታችን አልሳቁም። ያን ሰሞን ሁሉ እህል አልቀምስ አሉ። እኔ ነኝ የሰበርኳት እያሉ፣ ጤነኛ እጇን ይዘው ፊደል ሲያስቆጥሯት ይውሉ ነበር። እኛንም ያስቆጠሩን እንዲያው አልነበር? ብቻ ለኛ አለንጋ ነበረው፣ ለሷ ቆሎ አለው። ክንዷ ለሰኔ ሚካኤል ተፈታ። ተፈትቶ ሳያበቃ መቼ ነው የምወጣው አለች።

ቃልህ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። እኔ ታላቅህ ነኝ፣ አዝዬ ያሳደግኩህ ነኝ፤ አባቷ ግን አንተ ነህ። ስለዚህ ታዘዝኩህ። ሸራውን ፈታሁ፣ እንጨቱን ነቀልኩ። አላነደድኩትም፣ ይህንን እወቀው፤ ከጎተራው ስር ከተትኩት። ከዚያ አልጣሽን ጠርቼ አባትሽ ስለሚሳሳልሽ ነው፣ እንዳትወጪበት ብሏል አልኳት። እሺ አለች። ይኸው ነው፣ እሺ ብቻ። አላለቀሰችም፣ ምነው አላለችም፣ ሄዳ ግድግዳው ስር ተቀመጠች። የሚወደውን ነገር ነጥቀውት እሺ የሚል ልጅ ታውቃለህ? እኔ አንድም አላውቅም። ክረምቱን ሙሉ ነይ ስትባል እሺ፣ ብይ ስትባል እሺ፣ ተኚ ስትባል እሺ! መደብ ስር ስጠርግ ደግሞ ቂጣ አገኘሁ።

ወንድምዓለም፣ እኔ ያን እሺ አልቻልኩትም። መስቀል እንዳለፈ መለሰን ጠርቼ መልሰህ ትከልልኝ አልኩት። ትእዛዝህን አፈረስኩ፤ ከቸኮል አፍ ሳትሰማው ከኔው ስማው። እንደ ድሮው ግን አይደለም። ጉድጓድ አስቆፍሬ ሸራውን ከመሬት እኩል አደረግሁት፣ ብትወድቅ ሣር ላይ ነው የምትወድቀው። አግዳሚዎቹን ገለባ በሞላ ጆንያ ጠቀለልኳቸው። ዝናብ ካካፋ ይዳልጣልና ማንም አይጠጋውም። እኔ ወይም መለሰ ከሌለንም አይወጡም። አንድ በአንድ ብቻ ነው የሚወጡት። የብቻውን ነገር ደግሞ አባታችን ራሳቸው መላ አገኙለት። አንዱ ሲዘል ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመው ያጨበጭቡ፣ ይዝፈኑለት፤ ሲበቃው ይውረድና ለሌላው ያጨብጭብ አሉ። አሁን ተራ የሚጠብቀው ልጅ ከሚዘለው ይብስ ይጮሃል። ወርቄ ሳትቀር ባለፈው ቆማ ስታጨበጭብ አይቻታለሁ፤ ስታየኝ ነጠላዋን ያስተካከለች መሰለች።

አደጋ የለውም ወይ ብትለኝ አለው። አልዋሽህም፣ ክንዷን አይቻለሁ። ነገ ሌላ አይሰበርም ብዬም አልምልልህም። ግን አገራችንን ታውቀው የለ? ገደሉ አለ፣ ወንዙ አለ፣ ዛፉ አለ፣ የሚዋጋው በሬ አለ። ከዚህ ሁሉ ሸሽጌ ግድግዳ ስር ባስቀምጣት አጥንቷ ደህና ይሆናል፤ ልጅቷን ግን አጣታለሁ። አንተን አልፈርድብህም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አበቡን ቀብረህ ሳትነሳ ልጅህን ክንፈን የቀበርክ ሰው፣ የቀረችህ አንዲት ልጅ ወደቀች ሲሉህ ብትጮህ ማን ይፈርድብሃል? እኔስ ልጄ ልጄ ስላት የማላለቅስ ይመስልሃል?

ትናንት ለምሳ ብጠራት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? እምቢ አለችኝ! ተራዬ አልደረሰም፣ አልመጣም ብላ እግሯን መሬት መታችብኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን በኩርኩም እላት ነበር፤ ትናንት ግን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወረኢሉ ላይ አዝያት ስመለስ ከጀርባዬ መኖሯን ለማወቅ እየቆምኩ እዳስሳት ነበር፤ ልብስ ብቻ ያዘልኩ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሸራው ላይ ስታርፍ እንጨቱ ይጮሃል። እንዲህ ከበደች ልጅህ።

ለምን እንደማትመጣም አውቃለሁ። ሥራ አይለቁኝም፣ መንገዱ ሩቅ ነው ትላለህ። የምትፈራው ግን ፊቷን ማየት ነው፣ እናቷን መስላለችና። እውነት ነው፣ መስላለች። ቢሆንም ና። አንጣሪው አልጋ ይፍረስ ካልክ ራስህ መጥተህ አፍርሰው፤ መጥረቢያውን እኔው አቀብልሃለሁ፣ አንድ ቃል አልናገርህም። ብቻ ከማፍረስህ በፊት አንድ ጊዜ ስትዘል ቁመህ እያት።

ለዘይነባ እጅ ነሥቻለሁ፤ ላንተ ያደረገችው ሁሉ በልጆቿ ይመለስላት፣ ዱዓዋም አይለየን። አብረውህ ለሚያድሩት የአገራችን ልጆች ሰላምታዬን በየስማቸው አድርስልኝ። አባታችን ግንባርህን ስመውሃል፤ ጾሙን እንዳትፈታ፣ ውሃም እንዳትጠማ ብለዋል። መለሰና ቤተሰቡ እንዴት ነህ ብለውሃል፤ ትልቁ ልጁ እስካሁን አፍሮ ዓይኔን አያየኝም፣ ይቅር ብሎሃል ብዬ ልንገረው? ቦጋለችም ሰላም ብላሃለች፤ ስላንተ ቁጣ ብነግራት አባት እንዲህ ነው አለች። ወርቄ እንኳ ሰላም ብላሃለች፣ በዚያው ምላሷ።

አልጣሽ ጉልበትህን ስማለች። ምን ልበልልሽ ብላት ብዙ አሰበችና፣ አድጌያለሁ በይው አለችኝ፤ መንገድ ላይ ካገኘኝ ሌላ ልጅ መስዬው እንዳያልፈኝ።

እህትህ ሸዋረግ ወልደሩፋኤል
መካነ ሰላም፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፰ ዓ.ም.